መጥረጊያና ደብተር፦ ችግረኛ ተማሪን በሥራ የመደገፍ ታሪክ

ማኅበራችን ለችግረኛ ተማሪዎች የሚያሰባስበው ገንዘብ እንዴት ይሰጥ በሚለው ጉዳይ በሁለት ከተከፈልን ሰነበትን። አንደኛው ወገን «ብሩን በየወሩ በእጃቸው እንስጣቸው፤ ሌላው ጣጣ ነው» ይላል። ሌላው ወገን፣ በተለይ ሰሜን አሜሪካ ያሉት አባሎቻችን፣ «እንደ ወርክ ስተዲ ይሁን፤ ግቢ ውስጥ ሠርተው ያግኙት» ባይ ነው። እኔ ሐኪም ነኝ፤ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ሂስትሪ ይወሰድ እላለሁ። ይኼ ወርክ ስተዲ የምንለው ነገር ከየት መጣ? ለማን ሠራ፣ ለማንስ አልሠራም? ጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል ብዬ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ወርክ ስተዲ ሲባል ብዙ ሰው በደፈናው «እየሠሩ መማር» ይመስለዋል። እየሠራ የሚማር ተማሪ በየትም አለ። ወርክ ስተዲን የሚለየው የቤተሰቡ አቅም በፎርም ተመዝኖ፣ ችግሩ ተረጋግጦ፣ ከደመወዙ አብዛኛውን የፌዴራል መንግሥቱ ቀሪውን ደግሞ ኮሌጁ የሚከፍል መሆኑ ነው። በተለመደው አሠራር የመንግሥቱ ድርሻ ዛሬ እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ዕርዳታም ነው፣ ሥራም ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ሁለትነቱ ነው።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የቆመው ትምህርቱ በነፃ ቢሆንም እንጀራው በነፃ ስላልነበረ ነው። ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ማታ ቃሉን ያጠናል። ልብ በሉ፦ ያ ተማሪ ችግሩን መደበቅ አላስፈለገውም። ሁሉም ተማሪ ይለምናል፤ የሀብታም ልጅም ከቤቱ ርቆ ከሄደ ይለምናል። ልመናው የትምህርቱ አካል እንጂ የድሃ ምልክት አልነበረም። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ አኩፋዳው ቀረ፤ ችግረኛው ተማሪ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም መደበቅ ጀመረ።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ታሪኩን ከብዙ ቦታ መጀመር ይቻላል። እኔ ከ1872 እ.ኤ.አ. ልጀምር (ከዚህ በኋላ ያሉት የአሜሪካ ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በባርነት የተወለደ ቡከር ዋሽንግተን የሚባል ወጣት ከዌስት ቨርጂኒያ ተነሥቶ፣ በከፊል በእግሩ፣ ቨርጂኒያ ወደሚገኘው የሃምፕተን ትምህርት ቤት መጣ። ሲደርስ ልብሱ ቆሽሿል፣ ኪሱ ባዶ ነው። ዋና መምህርቷ ወዲያው አልተቀበለችውም፤ አላባረረችውምም። ከብዙ ሰዓት በኋላ አንድ ክፍል አሳይታ «ጥረግ» አለችው። እሱ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው፣ ሦስት ጊዜ ጠረገው፣ አራት ጊዜ አቧራውን ወለወለው። እሷም በመሐረቧ ግድግዳውንና ጠረጴዛውን ፈትሻ አቧራ ስታጣ ተቀበለችው። ከዚያ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥሮ የምግብና የመኝታውን ወጪ አብዛኛውን በዚያ ሸፈነ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ልጁ ትጋት ነው። ትጋቱን ማን ይክዳል! እኔን የሚገርመኝ ግን መምህርቷ ያደረገችው ነገር ነው። መጥረጊያውን ያቀበለችው እሷ ናት። ልጁ «ሥራ ፈልገህ ስታገኝ ተመለስ» አልተባለም።

ኬንታኪ ውስጥ በ1855 የተመሠረተው ቤርያ ኮሌጅም መጥረጊያውን ራሱ ከሚያቀብለው ወገን ነው። ጥቁሮችንና ነጮችን፣ ወንዶችንና ሴቶችን አንድ ላይ ያስተማረ ትምህርት ቤት ነበር፤ በ1904 የወጣ የክልሉ ሕግ ጥቁርና ነጭን አንድ ላይ ማስተማርን እስኪከለክልበት ድረስ። ቤርያ ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። በአብዛኛው የሚቀበለው አቅም የሌላቸውን ተማሪዎች ሲሆን፣ ሁሉም በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራሉ። አዲስ ገቢ ተማሪ ሥራ አይፈልግም፤ እንደ ዶርም ይመደብለታል። ሁሉም ስለሚሠራ መሥራት ማንንም አያሳፍርም። የአብነት ተማሪውን ያስታውሳል።

መንግሥት በጉዳዩ የገባው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። በሰኔ 1935 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ብሔራዊ የወጣቶች አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ከሥራዎቹ አንዱ በትምህርት ገበታ ላይ ላሉ ችግረኛ ወጣቶች በትምህርት ቤታቸው ሥራ እየሰጠ መክፈል ነበር፤ ለኮሌጅ ተማሪ በአማካይ በወር 15 ዶላር ገደማ። ዓላማው ደግነት ብቻ አልነበረም። አዋቂው ሥራ ባጣበት ዘመን ወጣቱ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ፈላጊው ጎራ ውስጥ ከሚሰለፍ ክፍል ውስጥ ቢቆይ ይሻላል የሚል ስሌትም ነበረበት። ቲያትር ጸሐፊው አርተር ሚለር በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሳለ የላቦራቶሪ አይጦችን እየቀለበ 15 ዶላሩን ያገኝ ነበር። (ለእኛ ለሕክምና ሰዎች ደስ የሚል ዜና ነው፤ የእኛም ግቢ አይጦች ቀላቢ አያጡም ማለት ነው።) ሪቻርድ ኒክሰን ደግሞ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሲማሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሰዓት በ35 ሳንቲም ሠርተዋል። የጥቁር ተማሪዎችን ጉዳይ የሚከታተለውን ክፍል የመሩት ሜሪ መክሊዮድ ቤቱን ነበሩ፤ ራሳቸው ትምህርት ቤት የመሠረቱ፣ ከድሃ ገበሬ ቤት የወጡ ሴት። ለጥቁር የኮሌጅና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተለየ ፈንድ እንዲኖር ያስደረጉት እሳቸው ናቸው። ሁሉን የሚያቅፍ የሚመስል ፕሮግራም ራሱን ችሎ ሁሉን እንደማያቅፍ ገብቷቸው ነበር።

በዚያው ዓመት የዚህ መሥሪያ ቤት የቴክሳስ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው የ26 ዓመት ወጣት ሊንደን ጆንሰን ይባላል። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ጆንሰን ሳን ማርኮስ ከተማ በሚገኘው የመምህራን ኮሌጅ ሲማሩ የግቢ ጽዳት ሠርተዋል፤ በኋላ በኮሌጁ ፕሬዚዳንት ቢሮ ተላላኪና ረዳት ሆነዋል፤ ይኖሩ የነበረውም ከፕሬዚዳንቱ ጋራዥ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ይህም ሳይበቃ ሲቀር ትምህርታቸውን አቋርጠው ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑ ድሃ ልጆችን ለአንድ ዓመት ያህል አስተምረው፣ ገንዘብ ይዘው ተመለሱ። ከመጥረጊያ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ የወሰዳቸው ትጋት ብቻ አልነበረም፤ ሰው መቅረብ ያውቁበት ነበር። ይህ ችሎታ ለሁሉም ልጅ አልተሰጠም።

እኚህ ሰው የአገሪቱ መሪ ሲሆኑ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1964 ድህነትን ለመዋጋት ያወጁትን ሕግ ፈረሙ። የኮሌጅ ወርክ ስተዲ የተወለደው በዚህ ሕግ ውስጥ ነው። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጣ ተማሪ፣ ትምህርት ባለበት ሳምንት ከ15 ሰዓት ሳይበልጥ እንዲሠራ፣ መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የደመወዙን እስከ 90 በመቶ እንዲከፍል ተደነገገ። የ15 ሰዓቱን ገደብ ልብ በሉልኝ፤ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሥራው ትምህርቱን እንዳይበላው ሠግተዋል። በኅዳር 1965 ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን ለመፈረም ወደዚያው ወደ ሳን ማርኮስ ኮሌጃቸው ሄዱ፤ ወለል ከመጥረግ እስከ ካልሲ መሸጥ የሠሩትን ለተማሪዎቹ አወሩላቸው። ፕሮግራሙም ከድህነት ዘመቻው ወጥቶ ወደ ትምህርት ቢሮው ተዛወረ፤ ቀስ በቀስም ከድሃ ልጅ አልፎ ወጪው ከአቅሙ በላይ የሆነበትን ተማሪ ሁሉ የሚመለከት ሆነ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው በ1964 መጨረሻ፣ በእኛ 1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛት መላክ ጀምሮ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። እዚያ ተማሪው እንዲማር ሥራ ሲሰጠው፣ እዚህ የተማረው ላልተማረው እንዲሠራ ይላክ ነበር። ሁለቱን ማወዳደር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አሁን ሕጉ ያላደረገውን እንይ። ሕጉ ገንዘቡን የሰጠው ለኮሌጁ ነው። ለተማሪው የሰጠው ሥራ አይደለም፤ ሥራ ካገኘ የሚከፈልበትን ጣሪያ ነው። የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ ስትገባ የተላከላት ደብዳቤ «ወርክ ስተዲ፦ 2,500 ዶላር» የሚል መስመር ነበረበት። እህቴ ከክፍያው ላይ ቀንሳ ሰላሟን ወስዳ ተኛች። መስከረም ላይ ሂሳቡ ሳይቀነስ ሙሉው መጣ። ለካ ያ ገንዘብ ከክፍያ አይቀነስም፤ ልጅቷ ሥራ ፈልጋ፣ ተወዳድራ፣ ተቀጥራ፣ የሠራችበትን ሰዓት አስፈርማ፣ በደመወዝ መልክ በወር አንዴ ወይም በሁለት ሳምንት የምታገኘው ነው። ሥራ ካላገኘች መስመሩ መስመር ሆኖ ይቀራል። ደውላ «አክስቴ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሞልቷል፤ ጂሙም ሞልቷል፤ ሁሉም በነሐሴ ነው የጨረሱት» አለችኝ። ማን ነው በነሐሴ የጨረሰው? እናቱ ወይም ወንድሙ ኮሌጅ የሄደ፣ «ደብዳቤው እንደደረሰህ ለየክፍሉ ኢሜይል ጻፍ» ብሎ የሚመክረው ሰው ያለው። ለችግረኛ የታሰበውን ሥራ ለማግኘት ችግረኛ የሌለው ነገር ያስፈልጋል፤ መረጃና ዘመድ።

በመጨረሻ ሥራ ያገኘችው የሥራ ማስታወቂያውን ድረ ገጽ ትታ በየክፍሉ እየሄደች «ወርክ ስተዲ አለኝ» ማለት ስትጀምር ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ዋጋ አላት። ቀጣሪው ክፍል ከኪሱ የሚያወጣው ከደመወዙ ሩብ ያህል ብቻ እንደሆነ ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። የባዮሎጂ ክፍል የላብ ብርጭቆ አጣቢ አድርጎ ወሰዳት። ዘመዶቻቸው ወደ አሜሪካ ኮሌጅ ለሚገቡ አንባቢዎች አንድ ነገር ላክል፦ በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ለዚህ የፌዴራል ፈንድ ብቁ አይደለም፤ ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ ደመወዙ ግን ከሌላ በጀት ነው። በዲቪ ገብቶ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ግን ፎርሙን ይሙላ።

ሥራውን ማቆየቱስ? ሂሳቡን አብረን እንሥራ። 2,500 ዶላር በሰዓት 15 ዶላር ቢከፈል 166 ሰዓት ነው። ለ30 የትምህርት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ልጅቷ ጎብዛ በሳምንት 10 ሰዓት ብትሠራ ጣሪያው በ17ኛው ሳምንት ላይ ያልቃል፤ ክፍሉ ሙሉ ደመወዟን ከራሱ በጀት ካልከፈለ በስተቀር የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ሳይጋመስ ሥራው ይቆማል። በዚያ ላይ በክፍለ ጊዜዋ ሰዓት መሥራት አይፈቀድላትም፤ ውጤቷ ከተወሰነ ደረጃ ከወረደ ዕርዳታው ይቋረጣል፤ ፎርሙ ደግሞ በየዓመቱ ይታደሳል። አንድ ዓመት የዘነጋ ልጅ ሥራውን እየወደደው ያጣዋል። መልካም ጎንም አለ፦ ከወርክ ስተዲ የተገኘ ገቢ የሚቀጥለው ዓመት የዕርዳታ ስሌት ላይ አይቆጠርም። ከግቢ ውጭ ቡና ቤት ብትሠራ ይቆጠርባት ነበር።

የገንዘቡ አከፋፈልም ፍትሐዊ ነው ማለት አይቻልም። አንድ ኮሌጅ ዛሬ የሚደርሰው ድርሻ በከፊል ድሮ ሲደርሰው የነበረውን ይከተላል። በዚህ ምክንያት ነባርና ውድ የሆኑ የግል ኮሌጆች፣ ድሃው ከሚበዛባቸው የማኅበረሰብ ኮሌጆች ይልቅ ለአንድ ችግረኛ ተማሪ የበለጠ ያገኛሉ። ቀድሞ ወረፋ የያዘ ዳቦውን ይዞ ሄደ እንደማለት ነው።

ለመሆኑ ይጠቅማል? በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጁዲት ስኮት-ክሌይተንና ቬሮኒካ ሚናያ ያጠኑት ለእኛ የሚሆን ፍንጭ አለው። ወርክ ስተዲ ይበልጥ የጠቀማቸው ባያገኙትም ኖሮ ከግቢ ውጭ መሥራታቸው የማይቀር ተማሪዎችን ነው፤ ሩቅና አድካሚ ሥራ ትተው ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ዋሉ። ባያገኙት ኖሮ ጨርሶ የማይሠሩት ላይ ግን የትምህርት ጥቅሙ ያን ያህል አልታየም፤ ጥቅሙ ይበልጥ የታየው ከተመረቁ በኋላ ሥራ በማግኘት ላይ ነው። በሐኪም ቋንቋ፦ መድኃኒቱ ሌላ የባሰ ነገር ለሚወስድ በሽተኛ ጥሩ ምትክ ነው፤ ሁሉም ላይ ግን እኩል አይሠራም።

ወደ ግቢያችን እንምጣ። የእኛ ተማሪ ችግር ከአሜሪካዊው ይለያል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ከመጣ ወዲህ ምግቡና መኝታው ተመርቆ ከደመወዙ የሚከፍለው ዕዳ ሆኗል፤ ቢሆንም ዛሬ አልጋ አለው፣ ካፌ አለው። የሌለው በእጁ የሚይዘው ብር ነው። ሳሙና፣ የሃንዳውት ኮፒ፣ ሞዴስ፣ ጋዋን፣ ለክረምት አገር ቤት መሄጃ ትራንስፖርት። ነን ካፌ የሆነው ደግሞ የምግቡን ብር በእጁ ይቀበላል። ተማሪዎችን ባከምኩበት ጊዜ «ጨጓራዬን ያመኛል» ብሎ የሚመጣውን ልጅ መድኃኒት ከመጻፌ በፊት «ዛሬ ምን በላህ?» ማለት ለምዶብኝ ነበር። ከመካከላቸው የምግብ ብሩን ለእናቱ የሚልክ አለ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣልኝ መቆጣት አልነበረም፤ እኔ ብሆንም እልክ ነበር። ግን ብር በእጅ ስንሰጥ ማንን እያበላን እንደሆነ አውቀን እንስጥ። ደመወዝም ቢሆን ይላካል፤ ልዩነቱ ደመወዝ ተቀባዩ «ተረጂ» ተብሎ ዝርዝር ላይ አለመለጠፉ ነው። በስም ዝርዝር የሚለጠፍ ዕርዳታ እየፈለጉት የማይመዘገቡ ተማሪዎች እንዳሉ መምህራኖቻችን ያውቃሉ።

ስለዚህ እኔ ለግቢ ሥራ አደላለሁ፤ እንደ ሜሪላንዱ ሳይሆን እንደ ቤርያ ከሆነ። መጀመሪያ የሥራ ቦታው ተቆጥሮ ይቀመጥ፤ ከዚያ ተማሪው ይመደብ። ብሩን አስቀምጠን «ሥራ ፈልጉ» ካልን ቦታውን የሚይዙት የመምህር ዘመዶችና አዲስ አበባ ያደጉት ይሆናሉ። በምደባው ላይ ችግረኛ ያልሆነ ተማሪም በራሱ ፈቃድ ገብቶ ቢሠራ እወዳለሁ፤ ያን ጊዜ መደርደሪያ የሚያስተካክለውን ልጅ አይቶ ማንም ምንም አይልም። የጽዳትና የምግብ ቤት ሠራተኞቻችንን ቦታ ግን አንንካ። የአሜሪካው ሕግም መደበኛ ሠራተኛን በወርክ ስተዲ ተማሪ መተካትን ይከለክላል፤ የአንዷን ድሃ እንጀራ ወስዶ ለሌላ ድሃ መስጠት ዕርዳታ አይባልም። የበሽተኛ ካርድ ክፍልም ይቅር፤ ሰው ያጥረዋል፣ አውቃለሁ፣ ግን የጎረቤቱን ካርድ የሚያገላብጥ የ19 ዓመት ልጅ እዚያ ማስቀመጥ አንችልም።

ክሊኒካል ዓመት ላይ የደረሱትን በተመለከተ የመጀመሪያው ወገን ትክክል ነው። ዱቲ አድሮ የወጣን ተማሪ በሳምንት ስምንት ሰዓት ሥራ ስጡት ማለት በበሽተኛው ላይ መፍረድ ነው። ለእነሱ ብሩ በእጅ ይሰጥ፣ ያለ ዝርዝርና ያለ ፎቶ።

የክፍል ኃላፊዎች ከጉባኤው በፊት ያላቸውን ቦታ ጽፈው እንዲልኩ ተጠይቋል። እኔ ካለሁበት ክፍል ሁለት ልኬያለሁ፦ አንዱ የስኪል ላብ ሞዴሎችን መመዝገብና ማዋስ፣ ሌላው ለፍሬሽ ተማሪዎች የማታ ቱቶሪያል። ሁለቱም በሳምንት ስድስት ሰዓት ናቸው፤ ሰዓቱን ተማሪው ይመርጣል። በፈተና ሁለት ሳምንት ሥራ የለም፣ ክፍያው ግን አይቋረጥም። ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ቦታ እንዳለው እስካሁን አልላከም።